የትህትና ወረፋ

ኳ! ኳ! ቅጭል።

ዶክተር ኢራጅ ሞቅበሊ ከግድግዳው ወዲህ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጠው በመጀመሪያ የሰሙት ይህንን ነው። ሁለት ጊዜ ኳ፣ አንድ ጊዜ ቅጭል። ትንሽ ጸጥ ይልና እንደገና፦ ኳ፣ ኳ፣ ቅጭል። ጫማ እንጨት መደርደሪያ ላይ ሲያርፍ፣ የናስ ቁጥር ደግሞ ከሚስማሩ ሲወርድ የሚሰማ ድምፅ ነው። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ እሳቸው ግን ሊቅ ስለነበሩ ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው።

ኋላ መጋረጃው ተገለጠና አንድ ሽማግሌ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ገቡ። ሽማግሌው ከርበላይ ኖውሩዝ ናቸው። በኒሻፑር ዳርቻ፣ ከጥድ ዛፎቹ መሃል ወዳለው ወደ ዝምተኛው ወሊይ ቀብር ለዚያራ የሚመጣ ወንድ ሁሉ ጫማውን የሚያስረክበው በእሳቸው መስኮት ነው። መስኮቱ ላይ ከእሳቸው ጎን የሚቆሙት ደሞዝተኞች አይደሉም። ጫማ መቀበል ለነፍስ የሚደረግ አገልግሎት ስለሆነ የከተማው ትልልቅ ሰዎች ተራ ይዘው፣ አረንጓዴ መታጠቂያ ታጥቀው፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ያገለግላሉ። የተራውን ደብተር የሚይዙት ከርበላይ ናቸው።

«ወረፋው ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አሉ ዶክተሩ።

«አራት ዓመት ከሁለት ወር።»

«ጫማ ለመቀበል?»

«ትህትና ፈላጊው በዝቷል፣ ዶክተር። ምን ላድርግ?» ከርበላይ ደብተሩን ገለጡ። «ከፊትዎ አንድ ጡረታ የወጣ ጄኔራል አለ። ሦስት ዳኞች አሉ። የፊሩዝ ድንጋይ ነጋዴው ደግሞ ልጁን ሊድር ስለሆነ ከሠርጉ በፊት ትሁት መሆን አለብኝ ብሎ በየቀኑ ይደውልልኛል።»

«እኔ እኮ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የምፈልገው።»

«ምነው፣ ሐኪም ነው ያዘዘልዎት?»

ዶክተሩ ሳል ሳል አሉ። ነገሩን ለጫማ ጠባቂ ማስረዳት ከባድ ነበር፤ ለእኛ ግን ቀላል ነው። ዶክተር ኢራጅ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያጠኑት የጥንቶቹን የኾራሳን ሱፊዎች ነው። እነዚያ ሰዎች ደግ ሥራቸውን ደብቀው ነውራቸውን አደባባይ የሚያወጡ፣ ሰው ሲያመሰግናቸው እንደ ተሰደቡ የሚያዝኑ ነበሩ። ነፍስያ፣ ያቺ ራሷን ብቻ የምትወድ የሰው ነፍስ፣ እንዴት እንደምትሸሸግ፣ ከየት ወዲያ ብቅ እንደምትል፣ ምን ለብሳ እንደምትመጣ እንደ አዳኝ ዱካዋን እየተከተሉ ጽፈውታል። ዶክተሩም ይህን ሁሉ ሰብስበው «አርባው የነፍስያ ተንኮሎች» የሚል መጽሐፍ አሳትመዋል። መጽሐፉ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ገጾች የደራሲውን ሽልማቶች ይዘረዝራሉ።

አሁን የጥንት ሱፊዎች ጥናት ማዕከል ዳይሬክተር የለውም። መንበሩን ማን እንደሚይዝ የሚወስኑት የሰማንያ አራት ዓመቱ አዛውንት ኡስታድ ሳላሪ ናቸው። ዕጩዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፦ ዶክተር ኢራጅና ስለ ፍርሃትና ተስፋ የጻፉት ዶክተር ፋራንጊስ ቤህዛድ። ኡስታድ ሁለቱን አስጠርተው፣ በሳፍሮን ስኳር የጣፈጠ ሻይ አጠጥተው፣ እንዲህ አሏቸው፦

«መጽሐፎቻችሁን አንብቤአለሁ። ሁለታችሁም ስለ ረኃብ አሳምራችሁ ጽፋችኋል። አጻጻፉ ግን የጠገበ ሰው ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ እስቲ ላስብበት።»

ይኸው ነው። ዶክተር ኢራጅ ያን ሌሊት አልተኙም። በማግሥቱ ግን መፍትሔውን አገኙት፦ ኡስታድ በዓይናቸው ሊያዩአቸው ይገባል። ዝቅ ብለው፣ ጎንበስ ብለው። ኡስታድ ደግሞ ስብሰባ አይሄዱም፣ ስልክ አያነሱም። ከቤት የሚወጡት ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለዝምተኛው ወሊይ ዚያራ ብቻ ነው።

«ሌላ ክፍት ቦታ የለም?» አሉ ዶክተሩ።

«መጸዳጃ ቤት ማጠብ አለ። ዛሬ ቢፈልጉ ዛሬ ይጀምራሉ፤ ወረፋ የለውም።»

ዶክተሩ አሰቡ። «ኡስታድ ሳላሪ... መጸዳጃ ቤቱን ይጠቀሙበታል?»

«ኧረ እሳቸው ውዱአቸውን ቤታቸው አድርገው ነው የሚመጡት።»

«እንግዲያው መጸዳጃ ቤቱ ከመንፈሳዊ ደረጃዬ በላይ ነው» አሉ ዶክተሩ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው። «ይኼ መንገድ በቅደም ተከተል ነው የሚኬደው። መጀመሪያ ጫማ።»

ከርበላይ ሳቁ። «እርስዎ ስለ ቅደም ተከተል ለእኔ? ሠላሳ አራት ዓመት እዚህች መስኮት ላይ ቆሜአለሁ። በዚህ ከተማ በትህትና የሚስተካከለኝ ካለ ይምጣና እንለካካ። ያ መስኮት አንድ ላይ ያለው ዛከሪ ስንት ዓመት ያገለገለ መሰለዎት? ሃያ ሁለት! ገና ለጋ እኮ ነው። ደግሞ ሲያጎነብስ አይተውታል? ከወገቡ አይደለም፣ ከአንገቱ ነው።»

«የሐሙስ ከሰዓቱ ተራ የማን ነው?» አሉ ዶክተሩ ወሬውን ወደ ጉዳያቸው ለመመለስ።

«የልብ ሐኪሙ። እሱ ከፈቀደልዎት እኔ ምን ቸገረኝ።»

የልብ ሐኪሙ ግጥም ይጽፍ ነበር። ይህን በኒሻፑር የማያውቅ ሕመምተኛ የለም፤ ከቀዶ ጥገና በፊት አንድ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ሁለት ግጥም ያነብባል። ዶክተር ኢራጅ ደወሉለት። በዚያው ሳምንት ለግጥም መድበሉ የአራት ገጽ መግቢያ ጻፉ፤ በመግቢያውም ውስጥ «እንዲህ ያለ ብዕር በኾራሳን ምድር ከስምንት መቶ ዓመት ወዲህ አልታየም» አሉ። ሐኪሙ በስልክ እያለቀሰ የሐሙስ ተራውን ለቀቀላቸው።

ቤታቸው ሲደርሱ ሚስታቸው ታባንዴ ቂጣውን ከእርጎና ከቅጠላ ቅጠሉ ጋር አቅርባ ትጠብቃቸው ነበር። ታባንዴ ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት። ነገሩን ሁሉ ስትሰማ ቂጣውን አስቀምጣ አየቻቸው።

«ኢራጅ፣ ይኼ ቁጥር አሥራ ሰባት አይደለም እንዴ?»

«የምን ቁጥር አሥራ ሰባት?»

«‹ዝቅ ስትል እንድትታይ የምትፈልግ ነፍስያ።› ገጽ ሁለት መቶ ስድስት።»

«መቼ አነበብሽው?»

«አንብቤው አላውቅም። ሦስት ጊዜ ነው የተየብኩት።»

ዶክተሩ ከመኝታ ቤት ነጠላ ጫማዋን አምጥተው በመስተዋቱ ፊት መለማመድ ጀመሩ። ጎንበስ፣ ጫማውን አንሳ፣ ቀና። ጎንበስ፣ አንሳ፣ ቀና።

«ስታጎነብስ አገጭህ ወደ ላይ ይቀራል» አለች ታባንዴ። «የታነቀ ዶሮ መሰልክ።»

«ፊቴ ካልታየ ማን መሆኔ በምን ይታወቃል?»

«እንግዲያው ስምህን ግንባርህ ላይ ልጻፍልህ?»

«ቀልጂ አንቺ!» ነጠላ ጫማውን እንደ ያዙ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸው ወረደ። «በጸደይ ጡረታ እወጣለሁ፣ ታባንዴ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰውን ነፍስ ስቆፍር ኖርኩ። ቢሮዬ ከማሞቂያው ማሽን ጎን ነው። ያስተማርኳቸው ሦስት ልጆች፣ አንዱ ባንክ ገባ፣ አንዱ ንብ ያረባል፣ አንዱ ደግሞ የፋራንጊስ ረዳት ሆነ። አንድ ሰው፣ አንድ ዋጋ ያለው ሰው፣ ‹ይኼ ሰውዬ ያውቃል› ሳይለኝ ልሄድ ነው። መንበሩ ለእሷ ከሄደ እኔ የግርጌ ማስታወሻ ነኝ። የሷ መጽሐፍ ግርጌ!»

ታባንዴ የቀረውን አንዱን እግር ነጠላ ጫማ ከሶፋው ሥር አውጥታ አቀበለቻቸው።

«በሁለት እጅህ ያዘው» አለች። «በአንድ እጅ ስትይዘው የተጸየፍከው ትመስላለህ።»

ሐሙስ ደረሰ። ፀሐዩ ለስለስ ያለ የመኸር ቀን ነበር፤ የሳፍሮን ለቀማ ስለሆነ ከገጠር የመጣው ሕዝብ ግቢውን ሞልቶታል። ዶክተሩ አረንጓዴውን መታጠቂያ ሦስት ጊዜ ፈተው ሦስት ጊዜ አሰሩት።

«ያዳምጡኝ» አሉ ከርበላይ። «ጫማ በሁለት እጅ ይቀበላሉ። ሶሉን ከሶሉ ያጋጥማሉ። ቁጥሩን ይሰጣሉ። ሲመለስ አፍንጫውን ወደ ውጭ አድርገው ያስቀምጡለታል፣ እግሩን እንዲያስገባ። ሰውን ቀና ብለው አያዩም። እጅ ነው የሚያዩት፣ እጅ ብቻ። ፊት ካዩ አገልግሎቱ ረከሰ። እነሱም ደግሞ...»

ዶክተሩ አልሰሙም። በሩን እያዩ ነበር።

እጅ ሳይሆን በሩን ያየ ጫማ ተቀባይ ምን እንደሚሠራ መገመት አያስቸግርም። የቁጥር አርባውን ጫማ አርባ አንድ ላይ፣ የአርባ አንዱን ከመሬት። አንድ ወታደር በገበሬ ጫማ ሄደ። ገበሬው ደግሞ የወታደር ቦት ተሰጥቶት ትንሽ አሰበና አጥልቆት ወጣ።

«ዶክተር፣ እጅ!» ይላሉ ከርበላይ።

«እሺ፣ እሺ።»

«ዓይንዎ የት ነው ያለው? ኧረ ይህችን ሴትዮስ ያዩልኛል!» ከርበላይ በአገጫቸው ወደ ገንዳው አመለከቱ። ጥቁር ቻዶር የለበሰች፣ አፏንና አፍንጫዋን የሸፈነች፣ ክርኗ ድረስ የላስቲክ ጓንት ያጠለቀች ሴት ከግቢው መሃል ባልዲ ትሞላለች። «አዲሷ መጸዳጃ አጣቢ ናት። ውስጥ ቧንቧ እያለላት ከገንዳው ልትቀዳ ስትመጣ ይኼ አሥራ ሁለተኛዋ ነው። በሩ ድረስ ሄዳ ነው ደግሞ የምትዞረው።»

ዶክተሩ ለሴትዮዋ ጊዜ አልነበራቸውም። ኡስታድ ሳላሪ ገብተዋል።

ግራጫ የሱፍ ቆብ፣ ምርኩዝ፣ የተንጋደደ ወገብ። እየተጎተቱ መጡና ምርኩዛቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ጫማቸውን አወለቁ። ቡናማ ነው፤ ተረከዙ ወደ አንድ ወገን ተበልቷል፤ የአንዱ ማሰሪያ ሲባጎ ነው። አንስተው መስኮቱ ላይ አኖሩት። አንገታቸውን ግን ደፍተዋል።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ኡስታድ!» አሉ ዶክተሩ።

ኡስታድ የባሰ አቀረቀሩ።

«ጤናዎ እንዴት ነው፣ ኡስታድ? ቀዝቀዝ ብሏል አይደል?»

የኡስታድ አገጭ ደረታቸውን ነካ። እጃቸው ብቻ ለቁጥሩ ተዘረጋች።

«ዱዓዎ ላይ ያስታውሱኝ፣ እኔ ኢራ...»

ከርበላይ ከመደርደሪያው ሥር እግራቸውን ረገጡባቸው። «ስም አይጠራም! ምን ሆነዋል እርስዎ?»

ኡስታድ ቁጥር ሰባ ሦስትን ተቀብለው መሬት መሬቱን እያዩ ገቡ።

«ለምን አላዩኝም?» አሉ ዶክተሩ።

«ስነግርዎት መቼ ሰሙ! ጎብኚም ጫማ ተቀባዩን አያይም። አገልጋዩ ማን እንደ ሆነ ከታወቀ ምንዳው ተሰረቀ ማለት ነው። ስለዚህ አንገት ይደፋል። የቆየ ሥርዓት ነው፣ የዛሬ አይምሰልዎት።»

ዶክተሩ ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። የቆየ መሆኑን ያውቁታል፤ ከየት እንደ መጣም ያውቃሉ። ይህን ልማድ ከጥንታዊ የብራና ጽሑፍ ላይ አግኝተው ለዓለም ያስተዋወቁት ራሳቸው ነበሩ፦ ገጽ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት፣ የግርጌ ማስታወሻ ዘጠና አራት። ሽልማት ያገኙበትም እሱ ነው።

እንግዲህ አንድ ዕድል ቀርቷል፤ ሲወጡ። ዶክተሩ ከርበላይ ሻይ ለማስሞላት ዞር እስኪሉ ጠበቁ። ከዚያ የኡስታድን ጫማ ከሰባ ሦስት ላይ አነሱና ከመደርደሪያው ሥር ባለው የራሳቸው ቦርሳ ውስጥ ከተቱት። ጫማው የጠፋበት ሰው ቀና ማለቱ አይቀርም። ቀና ሲል ደግሞ እሳቸውን ያያል፤ ላብ በላብ ሆነው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ለአንድ ምስኪን አሮጌ ጫማ ሲባዝኑ። ከዚያ በኋላማ ጫማው ይገኛል። እንዲያውም የጠፋው ጫማ ከቶውኑ ካልጠፋው የበለጠ ትህትና ያወጣል ብለው አሰቡ፤ ወዲያውም ይህች ሐሳብ ለሁለተኛው እትም ትሆናለች አሉ በልባቸው።

ኡስታድ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወጡ። ቁጥሩን መስኮቱ ላይ አኖሩ። አንገታቸው እንደ ተደፋ ነው።

«ኡስታድ፣ ጫማዎ... የለም!» አሉ ዶክተሩ፣ ግቢው እንዲሰማ አድርገው።

«የቸገረው ሰው ወስዶት ይሆናል» አሉ ኡስታድ ለመሬቱ።

«አይሆንም! እኔ እያለሁ አይሆንም! ምልክቱን ይንገሩኝ፤ ቀና ይበሉና ይንገሩኝ።»

«ቡናማ ነው።» ቀና አላሉም።

ዶክተሩ በጉልበታቸው ወደቁ። ከመደርደሪያው ጫማ ያራግፉ ጀመር፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ የስፖርት፣ ክፍት፣ ዝግ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተቆለለ። ከመስኮቱ ፊት በካልሲ የቆመው ሰው በዛ።

«ወንድሜ፣ የእኔ አጠገብህ ነው ያለው፣ እሱን ስጠኝና ፍለጋህን ቀጥል» ይላል አንዱ።

«አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው!» ይላል ሌላው።

ገበሬው ከውጭ ተመልሶ መጣ። «ስማኝ፣ አለቃ፣ ይኼ ቦት የእኔ አይደለም። ደስ ይላል፣ አልዋሽም፤ ግን ወታደሩ በር ላይ ሲያየኝ ዓይኑ አላማረኝም።»

ከርበላይ ትኩስ ሻያቸውን ይዘው መጡና ክምሩን አዩ። «ያ ረቢ! ሠላሳ አራት ዓመቴን በሁለት ሰዓት አፈረሰው!»

በዚህ መሃል ባልዲ ተሸካሚዋ ሴት ውኃዋን በየመንገዱ እያፈሰሰች፣ ሕዝቡን እየጣሰች ደረሰች። «ኡስታድ በካልሲ ቆመው? በብርድ? የእኔን ይጫሙ!» ብላ የላስቲክ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ከእግራቸው ሥር አኖረች። ከዚያም መሸፈኛዋን ከአፏ አወረደች፤ በዝግታ፣ እንደ ሙሽራ።

ዶክተር ኢራጅ ከጫማው ክምር ውስጥ ቀና አሉ። «ዶክተር ፋራንጊስ!»

«ዶክተር ኢራጅ? እርስዎም?»

«ምን ያደርጋሉ እዚህ?»

«መጸዳጃ ቤት አጥባለሁ» አሉ ዶክተር ፋራንጊስ፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው። «በፈቃዴ። ማንም እንዲያውቅ አልፈለግሁም ነበር።»

«አሥራ ሁለት ጊዜ እኮ ነው በግቢው መሃል ያለፉት!»

«ቆጥረውኛል ማለት ነዋ። አገልጋይ ሰው ያያል እንዴ? ለማንኛውም መጸዳጃ ከጫማ ያንሳል፤ ይኼ አያከራክርም።»

«በምን መለኪያ? ጫማ የሰው እግር ሥር ያለ ነገር ነው! ከዚያ በታች ምን አለ?»

«መጸዳጃ አለዋ! ወረፋ እንኳን የለውም። የእርስዎን መስኮት ጄኔራል ሁሉ ይሻማበታል። ይኼ ትህትና ነው ወይስ ክበብ?»

«ይኼ የራሴ ቁጥር ዘጠኝ ነው! ‹በወንድሟ ትህትና የምትቀና ነፍስያ›! የእኔን መጽሐፍ ነው በእኔ ላይ የሚያነብቡት!»

«ቁጥር ዘጠኝ ከእኔ ሦስተኛ ምዕራፍ የተወሰደ ነው!»

«ገጹን ይጥቀሱ!»

«ዝም በሉ ሁለታችሁም!» ከርበላይ ሻዩን መስኮቱ ላይ ዘጭ አደረጉት። «ከሁሉም በታች ያለሁት እኔ ነኝ! ሠላሳ አራት ዓመት! ይኼን የማያውቅ ካለ ደብተሩን ያምጣና እንየው!»

«ከርበላይ፣ እርስዎ አይግቡበት፣ ይኼ የጥናት ጉዳይ ነው» አሉ ዶክተር ኢራጅ፤ እጃቸውንም ሲያወናጭፉ ከሥር ያለውን ቦርሳቸውን መቱት። ቦርሳው ተገለበጠ።

ኳ! ኳ!

ሁለት ቡናማ ጫማ ድንጋዩ ላይ ወደቀ። የአንዱ ማሰሪያ ሲባጎ ነው።

ገበሬው እንኳ ቦቱን እንዳቀፈ ለማየት ቀረበ።

ኡስታድ ሳላሪ አንገታቸውን አነሱ። በመጀመሪያ ጫማውን አዩ፤ ከዚያ የተከፈተውን ቦርሳ፣ የላስቲክ ጓንቱን፣ የከርበላይን የቀላ ፊት። በመጨረሻ ዶክተር ኢራጅን አዩአቸው፤ ፊት ለፊት፣ ረጅም ጊዜ፣ በእርጅና በደከመ ግን በጠራ ዓይን። ዶክተሩ ለዚህች እይታ እንቅልፍ ካጡባት ሌሊት ጀምሮ ደክመዋል። ተንበርክከው እንዳሉ፣ ሳያስቡት፣ የመታጠቂያቸውን ቋጠሮ አስተካከሉ።

ከዚያ ጫማውን አነሡ። በሁለት እጃቸው፣ ሶሉን ከሶሉ አጋጥመው፣ ልክ እንደ ተነገራቸው አድርገው ዘረጉት። አፋቸው አንድ ነገር ሊል ተከፈተ፤ ከአርባው ተንኮሎች የትኛው እንደሚስማማ ግን አልመጣላቸውም።

ኡስታድ እጃቸውን ሰደዱ፤ ያነሱት ግን ከግድግዳው የተደገፈውን ምርኩዛቸውን ነበር። የላስቲኩን ነጠላ ጫማ ዞር ብለው አለፉት። የአንዱ ተረከዝ በተቀደደ ግራጫ ካልሲያቸው የፈሰሰውን የባልዲ ውኃ ረግጠው በግቢው መሃል ሄዱ። ከገንዳው አጠገብ አላረፉም። በሩ ጋ አልዞሩም። ከጥዶቹ ወዲያ ወደ መንገዱ ወጡ፣ ሄዱም።